ድስት ስትገዙ መጀመሪያ ብሎኑን እዩ

ሥራዬ ስቶቭና ኦቨን መጠገን ነው። አዲስ አበባን ከዳር ዳር እየዞርኩ የተቃጠለ ሬዚስታንስ (ኦቨኑን የሚያግለውን ሽቦ) እቀይራለሁ፣ አልታዘዝ ያለ ቴርሞስታት (ሙቀት መቆጣጠሪያ) እፈታለሁ፣ የላላ የኦቨን በር አጠብቃለሁ። ሰው ማድ ቤት ገብቶ የሚሠራ ብዙ ነገር ያያል። ድስቱንም፣ መጥበሻውንም፣ ኦቨኑ ወለል ላይ ተጣብቆ የቀረውን ጥቁር ነገርም። ታዲያ ዕቃዬን ሰብስቤ ልወጣ ስል የማይቀር ጥያቄ አለ። «እንደው ወንድሜ፣ ኦቨን ውስጥ የሚገባ ድስት የቱን ልግዛ?»

በየቤቱ በር ላይ ቆሜ የምመልሰውን ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

ሰው ድስት ሲገዛ የሚጠይቀው «ከምን ነው የተሠራው?» ብሎ ነው። ስቴንለስ ነው? አልሙኒየም ነው? የጀርመን ነው የቻይና? ለኦቨን ግን ይሄ ሁለተኛ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው «ከዚህ ድስት ላይ ቀድሞ እጅ የሚሰጠው የቱ ነው?» የሚለው ነው። ስቶቭ ላይ እሳቱ ከታች ብቻ ነው። እጀታው ወደ ውጭ ወጥቶ አየር ያገኛል። ክዳኑን የሚያገኘው እንፋሎት ነው። ኦቨን ውስጥ ግን መሸሻ የለም። 200 ዲግሪ ላይ ካደረጋችሁት እጀታውም፣ ብሎኑም፣ ክዳኑ ዙሪያ ያለችው ጎማም ቆይተው ሁሉም 200 ይደርሳሉ። ስለዚህ የድስቱ አቅም ማለት የደካማው ክፍል አቅም ማለት ነው። ሆዱ 1000 ዲግሪ ቢችል እንኳ መያዣው 150 ላይ ከተሸነፈ፣ ያ ድስት የ150 ዲግሪ ድስት ነው።

ደካማው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ያቺ ጥቁር እጀታ ናት። ፕላስቲክ እንላታለን እንጂ ብዙዎቹ ቤክላይት ወይም የሱ ቢጤ ናቸው። ቤልጂየም ተወልዶ አሜሪካ የኖረው ኬሚስት ሊዮ ቤክላንድ እ.ኤ.አ. በ1907 የፈለሰፈው ነው። ለእኔ ሙያ ባዳ አይደለም። የድሮዎቹ ጥቁር ማብሪያ ማጥፊያዎችና ሶኬቶች ከእሱ ነበር የሚሠሩት። ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ ሙቀትም ቶሎ አያሳልፍም። ደግሞም እንደ ተራ ፕላስቲክ አይቀልጥም። ሰውን የሚያታልለው ይሄ ነው። «አስገብቼው ምንም አልሆነም» ይሉኛል። አልቀለጠም ማለት ቻለው ማለት አይደለም። ሲበዛበት መጀመሪያ ይሸታል። የተቃጠለ ሶኬት ሽታ ነው፤ አንዴ ያሸተተው ሰው አይረሳውም። ቀጥሎ ጥቁሩ ይገረጣል፣ አመድማ ይሆናል። ከዚያ ብሎኑ የገባበት ዙሪያ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ታወጣለች። ስንጥቋ የምትሰፋው ኦቨን ውስጥ ሳይሆን፣ ድስቱን ሙሉ ወጥ ይዛችሁ ስታነሱት ነው። አደጋው እሱ ጋ ነው።

አምራቾች ለእንዲህ ዓይነቱ እጀታ ብዙ ጊዜ የሚፈቅዱት ከ150 እስከ 180 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ኬክ በ175 ወይም በ180 ይጋገራል። እንግዲህ ለኬክ እንኳ ጫፍ ላይ ነው። ለዳቦና ለዶሮ አሮስቶማ የሚታሰብ አይደለም።

ባለቤቴ በትዕዛዝ ዳቦና ኬክ ትጋግራለች። በቀደም ዕለት ትልቅ ድስት ፈልጋ መርካቶ አብረን ወረድን። አንድ ሱቅ ውስጥ የሚያምር ስቴንለስ ድስት አየች። ወፍራም ነው፣ ታቹ ድርብ ነው፣ ሁለቱም እጀታዎች በሪቬት የተያዙ ሙሉ ብረት ናቸው።

«ይሄ ኦቨን ይችላል?» አለችው ሻጩን።

«እንዴታ የኔ እናት! ይሄ እኮ እሳት አይፈራም» አለ ልጁ፣ ድስቱን በጣቱ ኳ ኳ እያደረገ።

ካቻቢቴ ከኪሴ አይጠፋም። «ክዳኑን ልየው?» አልኩና ተቀበልኩት። የክዳኑ መያዣ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። ግን ለብረት ቀለለኝ። ከውስጥ በኩል ያለችውን ብሎን ፈታሁ።

«ኧረ ጋሼ፣ ዕቃዬን እንዳታፈርስብኝ!»

መያዣውን ገለበጥኩት። ከላይ ብርማ፣ ከሥር ጥቁር ፕላስቲክ። ኒኬል የመሰለ ነገር ተቀብቶ ነው። ልጁ ቀርቦ አየና ሳቀ። «ይሄን ደግሞ ዛሬ ገና አየሁ» አለ። እውነቱን ይመስለኛል። ድስቱን ግን ገዛነው፤ ምክንያቱም ድስቱ ራሱ እንከን አይወጣለትም። የክዳኑን መያዣ ጥዬ በቦታው አንድ ስቴንለስ ብሎን ከሁለት ሮንዴላና ከአንድ ዳዶ ጋር አሰርኩበት። ወግ የለውም፣ ግን በጨርቅ ይያዛል፣ 250 ዲግሪም አያስፈራውም። ብረታ ብረት ሱቅ ሄዳችሁ ይሄን ማድረግ ትችላላችሁ። ብሎኑ ዚንክ የተቀባው ሳይሆን ስቴንለሱ ይሁን።

ክዳኑ ራሱ መስታወት ከሆነ ግን ሌላ ስሌት አለ። ዙሪያውን ብረት የታሰረለት የመስታወት ክዳን ብዙውን ጊዜ ከ180 ዲግሪ አካባቢ በላይ አይፈቀድለትም። ክዳኑን አውጡትና ድስቱን በፎይል ሸፍኑት። ፎይልን ኦቨን አይጎዳውም። ወለሉ ላይ አታንጥፉት እንጂ! ለማጽዳት እንዲመች ብላችሁ የኦቨኑን ወለል በፎይል ስትሸፍኑ ሙቀቱ መሄጃ ያጣል። ከታች በጋዝ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ የእሳቱን መተንፈሻ ትዘጉታላችሁ። በዚህ ምክንያት ተጠርቼ አውቃለሁ።

አሁን ወደ መስታወት ልምጣ፤ ብዙ ጣጣ ያለው እሱ ነውና።

እኛ አገር ግልጽ የመስታወት ትሪ ሁሉ «ፓይሬክስ» ነው። ነገሩ የተጀመረው አሜሪካ፣ ኮርኒንግ በሚባል የመስታወት ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው ሙቀት የሚችል መስታወት የሚሠራው ለባቡር መብራትና ለባትሪ ዕቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1913 እዚያ የሚሠራ ጄሲ ሊትልተን የሚባል የፊዚክስ ሰው የባትሪውን የመስታወት ገንቦ ታች ቆርጦ ለሚስቱ ለቤሲ ወሰደላት። የራሷ መጋገሪያ ተሰንጥቆባት ነበር። እሷም ኬክ ጋገረችበት። ኬኩ ተስተካክሎ ወጣ፣ መስታወቱም አልተሰነጠቀም። ፓይሬክስ ተብሎ ገበያ ላይ የዋለው በ1915 ነው። እኔ ይሄን ታሪክ የምወደው የፋብሪካው ሰዎች የሠሩትን የፈተነችው አንዲት እናት በራሷ ማድ ቤት ስለሆነ ነው።

ያ መስታወት ቦሮሲሊኬት ይባላል። ሲሞቅ የሚለጠጠው ከተራ መስታወት አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። መስታወት የሚሰበረው ደግሞ በሙቀቱ ብዛት ሳይሆን፣ አንዱ ወገኑ ተለጥጦ ሌላው ሳይለጠጥ ሲቀር ነው። ስለዚህ ትንሽ የሚለጠጠው ብዙ ይችላል። ዛሬ ግን አሜሪካ በዚያው ስም የሚሸጠው ሌላ ነው። «ሶዳ-ላይም» የሚባለው ተራ መስታወት ሆኖ፣ በሙቀት ተሠርቶ እንዲጠነክር የተደረገ ነው። ቢወድቅ ከቦሮሲሊኬቱ ይሻላል። ድንገት ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ግን ይብሳል። አውሮፓ የሚሸጠው፣ ፈረንሳይ የሚሠራው ደግሞ አሁንም ቦሮሲሊኬት ነው። ስሙ አንድ፣ ዕቃው ሁለት። ካርቶኑ ላይ «ቦሮሲሊኬት» የሚለውን ፈልጉ።

አንድ ደንበኛዬ ቤት የኦቨኑ ማራገቢያ ይንጫጫል ተብዬ ሄድኩ። የኋላውን ክዳን ስፈታ ከማራገቢያው ሥር ስኳር የመሰለ የመስታወት ፍርካሽ ዝርግፍ አለ። እመቤቲቱ ላዛኛውን ማታ ሠርታ ፍሪጅ ውስጥ አሳድራዋለች። ጠዋት እንግዳ ሲደርስ ኦቨኑን አግላ፣ ትሪውን ከፍሪጅ አውጥታ ቀጥታ ከተተችው። ትንሽ ቆይቶ እንደ ርችት ፈነዳ። «ጥራቱን ያልጠበቀ ነው የሸጡልኝ» አለችኝ። ዕቃው ምንም አልነበረም። 4 ዲግሪ ላይ ያደረ መስታወት 200 ዲግሪ ውስጥ ሲገባ ሌላ ምርጫ የለውም።

መስታወት ካላችሁ እንግዲህ እንዲህ ነው። ከፍሪጅ ካወጣችሁት ቅዝቃዜው እስኪለቀው ጠረጴዛ ላይ ይቆይ። ኦቨኑ ቀድሞ ይጋል፤ መጀመሪያ ሲነሳ ሬዚስታንሱ ቀልቶ ስለሚፋጅ ቅርቡ ያለውን ክፍል ለብቻው ያግለዋል። ሥጋ ወይም ዶሮ ከሆነ ታቹን ትንሽ ውሃ ወይም መረቅ አልብሱት፤ ደረቁ መስታወት ላይ ጠብ የሚለው ፈሳሽ ራሱ ይሰነጥቀዋልና። መሃል ላይ ደርቋል ብላችሁ ቀዝቃዛ ውሃ አትጨምሩ። ስታወጡት እርጥብ እምነ በረድ ላይ ወይም ማጠቢያው ውስጥ አታስቀምጡት፤ ደረቅ ፎጣ ዘርጉለት። ከላይ የሚጠብሰው ግሪል ሲበራ ደግሞ መስታወት ከኦቨን ይውጣ። ስቶቭ ላይማ ጨርሶ አይጣድም። ጠርዙ የተሸረፈ ወይም ጭረት የበዛበት ካላችሁ የሰላጣ ዕቃ አድርጉት።

ሸክላችን ደግሞ ከዚህ ተቃራኒ ነው። ብዙ ሰው ሽሮ የሚያቀርብበትን የሸክላ ድስት ኦቨን ውስጥ መክተት ይፈልጋል። ይቻላል። ነገር ግን ሸክላ የሚገባው ቀዝቃዛ ኦቨን ውስጥ ነው። ከኦቨኑ ጋር አብሮ ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ አብሮ ይቀዘቅዛል። ዋናው ጠላቱ ውስጡ የቀረ ውሃ ነው። ያልተለበጠ ሸክላ ውሃ ይጠጣል። ታጥቦ ሳይደርቅ ከገባ ያ ውሃ እንፋሎት ሆኖ መውጫ ይፈልጋል። አዲስ ከሆነ እንደ ምጣዱ ይሟሽ፤ እናቶቻችን ይሄን ማንም ሳይነግራቸው ያውቃሉ። ከውጭ የሚመጣ፣ ደማቅ ቀለም የተቀባና የሚያብለጨልጭ ለጌጥ የተሠራ ሸክላ ግን ምግብ አታብስሉበት። ልባጡ ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል። ቲማቲምና ሎሚ ደግሞ እሱን ጎትተው ያወጡታል።

የማይዘው መጥበሻ፣ ማለትም ቴፍሎኑ፣ ብዙ የሚወራበት ነው። ሮይ ፕላንኬት የሚባል የዱፖንት ኩባንያ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1938 ሌላ ነገር ሲፈልግ ድንገት ያገኘው ነው። ልባጡ እስከ 260 ዲግሪ ድረስ ይታገሣል። ከዚያ ሲያልፍ መበላሸት ይጀምራል። እየጨመረ ሲሄድ የሚወጣው ጢስ ቤት ውስጥ ያለ ወፍ ይገድላል፣ ሰውንም እንደ ጉንፋን ያንቀጠቅጠዋል። የቤት ኦቨን ብዙ ጊዜ ጣሪያው 250 ነው። ስለዚህ የኬክ ቅርጽ፣ የሙፊን ትሪ፣ በ180 ዲግሪ የምትጋግሩበት ሁሉ ምንም አይላችሁም። ግሪል ሥር ግን አይሆንም። የቀላው ሬዚስታንስ ከመጥበሻው ጋር ሲቀራረብ የኦቨኑ ቁጥር የሚለው ሌላ፣ መጥበሻው ያለበት ሌላ ነው። ብዙዎቹ አምራቾችም ከ260 በታች ነው የሚፈቅዱት። ምክንያቱ ደግሞ ያው እጀታው ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ካርቶኑ ላይ «ፒኤፍኦኤ የለውም» ተብሎ በትልቁ ይጻፋል። ሻጩም «ኬሚካል የለውም፣ ኦቨን ይገባል» ይላችኋል። ሁለቱ አይገናኙም። ፒኤፍኦኤ ድሮ ቴፍሎን ሲመረት የሚጨመር ኬሚካል ነበር። ትልልቆቹ የአሜሪካ አምራቾች እስከ 2015 ድረስ ትተውታል። አለመኖሩ ጥሩ ነው፤ ስለ እጀታው ግን የሚለው ነገር የለም። ብርጭቆና ሹካ የተሳለበት ምልክትም እንደዚያው ነው። «ምግብ ቢነካው ችግር የለውም» ማለት ነው፣ በቃ። የማይክሮዌቭ ምልክትም ለኦቨን አይሠራም። ማይክሮዌቭ የሚገባ ፕላስቲክ ሳህን ኦቨን ውስጥ ተዘርግቶ ያገኘሁበት ቤት አለ። የሚያስፈልጋችሁ በዲግሪ የተጻፈ ቁጥር ነው። ቁጥር ከሌለው እንደማይችል ቁጠሩት።

ቁጥሩም ቢሆን የማን ቁጥር እንደሆነ ይታይ። ከአሜሪካ ዘመድ በሻንጣ የሚያመጣው ድስት «እስከ 350» ይላል። ደስ ይላል አይደል? 350 ፋራናይት ግን 177 ሴልሺየስ ነው። እዚህ ያለው ኦቨን መቁጠሪያው ሴልሺየስ ነው። 400 ሲል 204፣ 450 ሲል 232፣ 500 ሲል 260 ማለት ነው። «ኸረ ይሄ 400 ይችላል ተብሏል» ብላችሁ 220 ላይ ስታደርጉት አልፋችሁታል። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ እህቶች፣ ለእናታችሁ ስትልኩ ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ በሴልሺየስ ጻፉላት።

ለዲፎ ዳቦ የምመክረው ተራ ነገር ነው። ድሮ ከታችም ከላይም እሳት ይደረግበት የነበረው ብረት ድስት አሁንም ኦቨን ውስጥ ያለ ጭንቀት ይገባል፤ እጀታው ከራሱ ብረት ስለሆነ። በነገራችን ላይ ብረት ድስት ከምንላቸው ብዙዎቹ አልሙኒየም ናቸው። ማግኔት አስጠጉለት፣ አይዘውም። አልሙኒየም የሚቀልጠው 660 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ኦቨን ምንም አያመጣበትም። እኔን የሚያሳስበኝ ሙቀቱ ሳይሆን ከምን እንደቀለጠ ነው። ከአሮጌ ሞተርና ከየቁርጥራጩ ቀልጦ የተሠራ ድስት ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም። ካሜሩን ውስጥ እንዲህ የተሠሩ ድስቶች ተመርምረው እርሳስ ሲያወጡ ተገኝተዋል። ቲማቲም የበዛበት፣ ሎሚ የገባበት ነገር ለሰዓታት እንዲህ ያለ ድስት ውስጥ ባይቆይ እመርጣለሁ። ለወጥና ለሾርባ ስቴንለስ ይሻላል።

ዳቦን በላሜራ ትሪ የሚጋግሩም ብዙ ናቸው። መርካቶ ምናለሽ ተራ በልካችሁ ያሠራችኋል። ጥሩ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ታቹን ቆንጆ ያበስላል። የምትጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጥቁር ላሜራ ይሁን። ነጭ ሆኖ የሚያብለጨልጨው፣ ለጣሪያ ቆርቆሮ የሚሆነው፣ ዚንክ የተለበጠ ነው። ዚንክ ከሚኮመጥጥ ነገር ጋር ሲገናኝ እየሟሟ ምግቡ ውስጥ ይገባል። የኛ ሊጥ ደግሞ ቦክቶ የኮመጠጠ ነው። ኮባው ቢሸፍነውም እኔ አልገባበትም። ጥቁሩን ስታገኙ የማሽን ዘይት ስላለው በሙቅ ውሃና በሳሙና እሹት፣ አድርቁት፣ ቀጭን የምግብ ዘይት ቀብታችሁ ባዶውን በ200 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት አግሉት። ሲወጣ ይጠቁራል። ከዚያ በኋላ ዳቦ አይዝም፣ ቶሎም አይዝግም። ቤቱ ትንሽ ይጨሳልና መስኮት ክፈቱ።

ከባዱን እውነተኛ ብረት፣ ያን ሲወድቅ ወለል የሚሰብረውን፣ ያገኘ ሰው ደግሞ ልጅ ልጁ ድረስ ያወርሰዋል። ማሟሸቱ ያው ነው። እጅ የሚፈልገው ሲነሳ ብቻ ነው፤ የኦቨኑ መደርደሪያ ጥርሱ ላይ በደንብ መቀመጡን ሳታዩ እንዳትጭኑበት። ዳሩ ሰማያዊ የሆነውን ነጩን ኢናሜል ሳህንም አትናቁት። ከሥሩ ብረት ነው፣ ከላዩ መስታወት የመሰለ ልባጥ ነው፣ ኦቨን ይችላል። ልባጡ ከተፈነቀለ ግን ፍርፋሪው ምግብ ውስጥ ይገባል፤ ያኔ ለእህል መስፈሪያ ይሁን። የሲሊኮን ቅርጾች ብዙዎቹ እስከ 220 ወይም 230 ናቸው፤ ስለሚተጣጠፉ ትሪ ላይ አስቀምጣችሁ አስገቧቸው። የመጋገሪያ ወረቀትም ቁጥሩ ጥቅሉ ላይ አለ፣ አብዛኛው 220 አካባቢ ነው። ግሪል ሥር ግን ወረቀት አይገባም፤ ጠርዙ ቀና ሲል ይያያዛል።

ሳትገዙ በፊት ኦቨናችሁን ለኩት። የውጩን አይደለም፣ የውስጡን። 50 በ50 የሚባለው ስቶቭና 60 በ60 የሚባለው ውስጣቸው በጣም ይለያያል። ሰው ግድግዳ ለግድግዳ የሚገጥም ትሪ ይገዛና «ታቹ ያራል፣ ላዩ ጥሬ ነው» ብሎ ይጠራኛል። ኦቨኑ ምንም አልሆነም። ትሪው እንደ ክዳን ሙቀቱን ታች ዘግቶ ያዘው። በየጎኑ ሁለት ሦስት ጣት ክፍተት ይኑር። ከላይ ጥግ ላይ ደግሞ ቀጭን የመዳብ ዘንግ የምትመስል ነገር አለች። የቴርሞስታቱ ምላስ እሷ ናት። ትልቅ ድስት ስትገፉ እሷን ካጠመማችኋት ወይም ከቦታዋ ካነሳችኋት ኦቨኑ ሙቀቱን አያውቅም። ማቆሚያ አጥቶ ሲግል ይውላል።

ደግሞ ኦቨኑን ቁም ሳጥን ያደረጋችሁ አላችሁ። አውቃችኋለሁ። በወር አንዴ ስለሚበራ ድስቱም፣ የፕላስቲክ ወንፊቱም፣ የበዓል ትሪውም እዚያ ይታጨቃል። አንዲት እትዬ ቤት ሠራተኛዋ አዲስ ነበረች። ኦቨኑ ይሙቅ ሲሏት ሳትከፍት አበራችው። እኔ ስደርስ አረንጓዴው ወንፊት በመደርደሪያው ዘንጎች መሃል እንደ ማር ወርዶ ወለሉ ላይ ደርቋል። የምር ስቴንለስ የሆኑት ድስቶች ግን ታጥበው ተመለሱ። «የትኛው ኦቨን እንደሚችል አሁን አወቅኩ» አሉኝ እትዬ፣ እየሳቁ። እንዲህ የቀለጠ ነገር ሲያጋጥማችሁ ትኩሱን አትነካኩት። አጥፉት፣ መስኮት ክፈቱ፣ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ብዙው ክፍል ራሱ ተላቆ ይነሳል። የቀረውን በእንጨት ማማሰያ ጫፍ ፋቁት። በቢላ ከሆነ የኦቨኑን ኢናሜል ትቧጥጡታላችሁ።

እስከ አሁን ያወራነው ቁጥር ሁሉ የሚሠራው ግን ኦቨኑ እውነት ሲናገር ነው። 180 ላይ ያደረጋችሁት ኦቨን እውነት 180 ነው? ቴርሞስታት ሬዚስታንሱን እያበራ እያጠፋ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ሙቀቱ ከፍ ዝቅ ይላል። አሥርና ሃያ ዲግሪ ማለፉ ጤነኛ ኦቨን ላይም ያለ ነው። ድስታችሁ 180 የሚል ከሆነ በ180 አትጠቀሙበት፣ 160 ላይ አቁሙ። ኦቨን ውስጥ የሚንጠለጠል ትንሽ ቴርሞሜትር አለ፣ መብራት አይፈልግም፣ የቤት ዕቃ መሸጫዎች ላይ ይገኛል። መሃለኛው መደርደሪያ ላይ አድርጉት፣ ኦቨኑን 180 ላይ ለኩሱት፣ የኦቨኑ ትንሿ መብራት ሁለት ሦስት ጊዜ በርታ እስክትጠፋ ጠብቁና ቴርሞሜትሩን አንብቡ። ሃያ ዲግሪ ቢለያይ ቁልፉን እያስተካከላችሁ መኖር ይቻላል። አርባና ሃምሳ ከሆነ ግን ቴርሞስታቱ ደክሟል። እሱን መቀየር የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ኦቨኑን ባዶ አድርጋችሁ ጥሩኝ እንጂ።